አባት የሌላቸው አርጃኖዎች

«መጣች! ጋሼ፣ ዶክተሯ መጣች!»

ልጅቷ ከመስኮቱ ደፍ ዘላ ወረደች። በእንስሳት ማቆያው የተሳቢዎች ክፍል ጠባቂ የሆነው አጎቷ መጥረጊያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ዛሬ የአርጃኖ ጫጩቶቹ የደም ምርመራ ውጤት የሚታወቅበት ቀን ነው፤ አጎቷ በሥራው መቀጠል አለመቀጠሉም የሚለየው በዚሁ ውጤት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ግቢ ገና እፍኝ ሳትሞላ መጥታ ዕድሜዋን በሙሉ ብቻዋን የኖረችው አርጃኖ፣ ያቺ ትልቅ የእንሽላሊት ዘር፣ ዘንድሮ እንቁላል ጣለች። መጣሉስ ምንም አልነበር፤ ዶሮም ያለ አውራ ትጥላለች። የእሷ ግን ይፈለፈል ጀመር! ግቢው በሙሉ ጉድ አለ። ሥራ አስኪያጁ ግን ጉዱን ለመፍታት ጊዜም አልፈጀባቸው። ከጎኗ ባለው ክፍል ወንድ አርጃኖ አለ፤ የመሃለኛው በር ቁልፍ ደግሞ አጎቷ ኪስ ውስጥ ነው። ሰነፍ ጠባቂ ሁለት ክፍል ባንዴ ለመጥረግ የመሃሉን በር ይከፍታል። ክልክል ነው። አጎቷም አምና እባቦቹ ዘንድ እንዲሁ ሲያደርግ ተይዞ ማስጠንቀቂያ ቀምሷል።

«ዘንድሮስ አልከፈትኩም፤ ግን ማን ያምነኛል?» ብሎ ነበር በተጠረጠረበት ቀን ቤት መጥቶ ሶፋው ላይ ሲዘረር።

እሷ ግን የባዮሎጂ መጽሐፏን ይዛ ብድግ! «ቆይ ቆይ! ጋሼ፣ እነሱ እኮ እንደኛ አይደሉም! እኛ ጋ ሁለት ዓይነት ክሮሞዞም ያለው ወንዱ ነው፣ ኤክስና ዋይ። አርጃኖ ጋ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሁለት ዓይነት ያላት ሴቷ ናት፣ ዜድና ደብልዩ። ወንዱ ሁለት ዜድ ነው። እናትየዋ ያለ አባት ከወለደች ለእያንዳንዱ እንቁላል ከሁለቱ አንዱን ብቻ ሰጥታ እሱኑ እጥፍ ታደርገዋለች። ሁለት ደብልዩ የደረሰው እንቁላል ይበላሻል። ሁለት ዜድ የደረሰው ይፈለፈላል። ገባህ?»

«ምንም አልገባኝም።»

«አባት ከሌላቸው ሁሉም ወንድ ይሆናሉ! ከተበላሹት በስተቀር ሁሉም! አባት ቢኖራቸው ግን ሴትም ትኖርባቸው ነበር።»

«አንዲት ሴት ከተገኘችስ?»

በማግስቱ ልጅቷ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብታ ያንኑ ደገመችላቸው። ሰውዬው መነጽራቸውን አውልቀው አዳመጧት። «እሺ፣ ይመርመር» አሉ በመጨረሻ። «አንዲት ሴት ብትገኝ ግን አጎትሽ ቁልፉን ያስረክባል።»

አሁን ሐኪሟ በሩን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ገባች። ፊቷ በርቷል።

«ወንድ! የተፈለፈሉት በሙሉ ወንድ ናቸው!»

አጎቷ መጥረጊያውን ወርውሮ ልጅቷን እንደ ሕፃን ብድግ አድርጎ አዞራት። «የኔ ጠበቃ! የኔ አንበሳ!» እሷም ትስቃለች፣ ትጮኻለች፤ በመስታወቱ ሣጥን ውስጥ ያሉት ጥቁርና ቢጫ ጫጩቶች ደንግጠው ምላሳቸውን ያስወጣሉ። በሕይወቷ እንዲህ ተደስታ አታውቅም።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች ሐኪሟ ወደ እንቁላል ማሞቂያው እያየች። «ያ ሳይፈለፈል የቀረው አንድ እንቁላልስ? ጊዜው አልፏል። ተበላሽቷል ብዬ መዝገቡን ልዝጋው?»

አጎቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «በሞቴ፣ ተበላሽቷል በያት» አላት።

ልጅቷ ክዳኑን ከፈተች። እንቁላሉን ሳታገላብጥ፣ አናቱ ላይ በእርሳስ የተደረገው ምልክት ወደ ላይ እንደሆነ፣ የእጅ ባትሪውን ከጎኑ አስጠጋች። ቀያይ ክር የመሰሉ ደም ሥሮች ታዩ። ከዚያ አንድ ነገር ውስጡ ተገላበጠ።

«ጋሼ» አለች በሹክሹክታ፣ «በሩን ከፍተሃል እንዴ?»

«በእናቴ አልከፈትኩም!»

«ታዲያ ምን ያስፈራሃል?»

«እኔ በሩን አይደለም የምፈራው፣ ያንቺን ዜድ ነው! ብትሳሳቺስ?»

ብትሳሳትስ? የምታውቀው እኮ መጽሐፍ ላይ ያነበበችውን ነው። አሁን አንድ ቃል ብትናገር አጎቷ ነገም ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ባትናገር ደግሞ ማን ያውቃል። እንቁላሉ ግን እንደገና ተንቀሳቀሰ፣ አለሁ የሚል ይመስል።

«ዶክተር፣ አይዝጉት» አለች። «በሕይወት አለ። ሲፈለፈል እሱም ይመርመር።»

ክዳኑን ቀስ አድርጋ መለሰች። አጎቷን ቀና ብላ ለማየት ፈራች። እሱ ሁለት በርጩማ እየጎተተ መጥቶ አንዱን ለእሷ፣ አንዱን ለራሱ ማሞቂያው ፊት አስቀመጠ።

«ምን ቆምሽ? ተቀመጪ» አላት። «አብረን እንጠብቀው።»