የገብስሜ እንቁላል አራት ክልል አቋረጠ

ጆሯችሁን አመጣችሁ? ያዙት እንግዲህ፤ ይህ ታሪክ ይሮጣል!

ጉብታ የምትባል አገር አለች። በግራ ውሃ፣ በቀኝ ውሃ፣ ከፊት ውሃ፣ ከኋላም ውሃ።

መሃሏ ተራራ ነው። ከሩቅ ሲያዩዋት ባሕር ላይ የተደፋ ድስት ትመስላለች።

ጉብታ አራት ክልል አላት። አንዱ ከአንዱ በላይ ነው፣ እንደ ድርብርብ ቀሚስ።

ጫፉ ላይ ደመና ክልል። እዚያ ጧት ጧት የገዛ እግር እንኳ አይታይም።

ከሥሩ ጫካ ክልል። እዚያ ዝናቡ ካባራ በኋላም ዛፉ ይዘንባል።

ከዚያ ሥር ሸንኮራ ክልል። እዚያ የሁሉም ጉንጭ እንዳበጠ ነው፤ አፋቸው ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

ከሁሉም ታች አሸዋ ክልል። ከዚያ ወዲያ ክልል የለም፤ ባሕር ብቻ ነው።

በክልልና በክልል መሃል ኬላ አለ። ኬላው ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ ገመዱ ጋ ጠባቂ ተቀምጧል።

የጉብታ ሕግ አንድ ነው፤ ሰላምታ ሳይጨርስ ኬላ የሚያልፍ የለም። ሰላምታቸው ደግሞ ረጅም ነው፤ አቤት ርዝመቱ!

ደመና ክልል ውስጥ ገብስሜ የምትባል ዶሮ ነበረች። አንድ እንቁላል ታቅፋ ነበር፤ አንድዬ እንቁላል።

አንድ ቀን ጧት፣ እንቁላሉ ውስጥ ያለው ጫጩት እግሩን ዘረጋ። ዱብ!

«እሰይ! ልጄ ረገጠኝ!» አለች ገብስሜ። ከደስታዋ ብዛት ብድግ አለች።

ብድግ ማለት አልነበረባትም።

እንቁላሉ ከሣሩ ጎጆ ወጣ። ኩርርር ቁልቁል! ኩርርር ቁልቁል!

«ልጄን! ልጄን ያዙልኝ!» ብላ ጮኸች። በዚያ ደመና ማን አይቶ ይያዝላት?

ገብስሜ ሮጠች። ታች ባሕር አለ፤ ዶሮ ደግሞ ዋና አታውቅም። ባሕር ሳይገባ ልትደርስበት ይገባል።

ኩርርር ቁልቁል! ኩርርር ቁልቁል!

ጫካ ክልል ኬላ ደረሱ። እንቁላሉ በገመዱ ሥር ሹልክ አለ።

ገብስሜን ግን ጠባቂው አያ ጉሬዛ አስቆማት። አያ ጉሬዛ ረጅም ጭራ ያለው፣ ነጭ ካባ የደረበ የሚመስል ጦጣ ነው።

«እንዴት አደርሽ ገብስሜ?»

«ደህና! አያ ጉሬዛ፣ እንቁ…»

«ቆይ እንጂ! በወጉ ነው! እንዴት አደርሽ?»

«ይመስገን፣ ደህና። አንተስ እንዴት አደርክ?»

«ደህና። ቤቱ ደህና ነው?»

«ደህና።»

«ደመናው ደህና ነው?»

«ደህና።»

«ልጆችሽስ ደህና ናቸው?»

«ልጄማ አሁን በእግርህ መሃል አለፈ!»

አያ ጉሬዛ ጎንበስ ብሎ በእግሩ መሃል አየ። ወደ ኋላ ዘቅዝቆ አየ። እንቁላሉ ሩቅ ሆኗል።

«ውይ! ታዲያ መጀመሪያ አትነግሪኝም?»

«መች አስወራኸኝ!»

አያ ጉሬዛ ገመዱን ወርውሮ አብሯት ሮጠ።

ኩርርር ቁልቁል! ኩርርር ቁልቁል!

እንቁላሉ በቅጠል ላይ አለፈ፣ በሥር ላይ ነጠረ፣ ከዛፍ የሚንጠባጠብ ውሃ ጠብ ጠብ አለበት። አልተሰበረም። ጠንካራ እንቁላል ነው፤ ምን ይሁን!

ሸንኮራ ክልል ኬላ ደረሱ። እንቁላሉ በገመዱ ሥር ሹልክ አለ።

ጠባቂዋ እትዬ ጃርቲት ናት። ጀርባዋ ሁሉ እሾህ ነው፤ ስትነሣ ሽክሽክ! ስትቀመጥ ሽክሽክ!

«እንዴት አረፈዳችሁ?» አለች፣ ሸንኮራዋን ጉንጯ ውስጥ ወሽቃ።

«ደህና ደህና ደህና!» አለች ገብስሜ። «ቤቱም ደህና፣ ደመናውም ደህና፣ ሁሉም ደህና! ልለፍ!»

«ምነው? እሳት ልትጭሪ ነው የመጣሽው? ደግሞስ ሁለት አይደላችሁም? ሁለት እንግዳ ሁለት ሰላምታ!»

ከገብስሜ ጋር ጨረሰችና ወደ አያ ጉሬዛ ዞረች። «ዛፉ ደህና ነው? ቅርንጫፉ ደህና ነው? ጭራህ ደህና ነው?»

«ጭራዬን ተይው!» አለ አያ ጉሬዛ። «እንቁላሉ! እንቁላሉ ወደ ባሕር እየሄደ ነው!»

እትዬ ጃርቲት ሸንኮራዋን ተፋች። ሸንኮራ መጥጣ ሳትጨርስ ተፍታ አታውቅም ነበር።

ገመዱን ጣለች፤ ሽክሽክ! ሽክሽክ! እያለች ተከተለች።

ኩርርር ቁልቁል! ኩርርር ቁልቁል!

እንቁላሉ በሸንኮራው መሃል እየተሽሎከለከ ወረደ። ሸንኮራ የሚበሉት ሁሉ ዞር ብለው አዩ። ማኘካቸውን ግን አላቆሙም።

አሸዋ ክልል ኬላ ደረሱ። እንቁላሉ በገመዱ ሥር ሹልክ አለ።

ጠባቂው ጋሼ ሸርጣን ነው። በጉብታ ምድር እንደ ጋሼ ሸርጣን ሰላምታ የሚያውቅ የለም። በሁለት እጁ ነው ሰላም የሚለው፤ ቀጭ! ቀጭ!

«እንዴት ዋላችሁ? ሦስት ናችሁ? ደስ ይላል! ማን ነው የሚቀድመው?»

ገብስሜ ገመዱን አየች። ባሕሩን አየች። ጋሼ ሸርጣንን አየች።

ክንፏን ዘረጋችና ፍርርር! ከገመዱ በላይ ዘለለች። ሰላምም አላለች።

አያ ጉሬዛ አፉን ያዘ። እትዬ ጃርቲት እሾኋ ቆመ። በጉብታ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም!

«ዘላ አለፈች!» አለ ጋሼ ሸርጣን። «እኔን! ደህና ዋልክ እንኳ ሳትለኝ! ምን ዓይነት ዶሮ ናት?»

ያን ጊዜ ነው ድምፁ የተሰማው።

ጥልቅ!

እንቁላሉ ባሕር ገባ።

ሸንኮራ ክልል እንኳ ማኘክ አቆመ።

ብቅ! እንቁላሉ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ማዕበሉ ግን ይዞት ይሄዳል፤ ትንሽ ወደዚያ፣ ደግሞ ትንሽ ወደዚያ።

«ጋሼ ሸርጣን፣ አንተ ዋና ታውቃለህ! ግባ እንጂ!» አለች እትዬ ጃርቲት።

«እኔ የአሸዋ ክልል ጠባቂ ነኝ» አለ ጋሼ ሸርጣን። አኩርፏል። «ውሃው ክልሌ አይደለም።»

ገብስሜ አልለመነችውም። ውሃ ውስጥ ገባች።

እስከ ጉልበቷ። እስከ ሆዷ። እስከ አንገቷ።

አያ ጉሬዛ ሮጦ የገብስሜን ጭራ ያዘ። እትዬ ጃርቲት ሮጣ የአያ ጉሬዛን ጭራ ያዘች።

«ኧረ እሾህሽ!» አለ አያ ጉሬዛ።

«ቻለው!» አለች እትዬ ጃርቲት።

ጋሼ ሸርጣን ይህን ሁሉ ያያል። ዋና የማትችል ዶሮ አንገቷ ብቻ ቀርቶ ያያል።

«ኤጭ!» አለ። ገመዱን በጥሶ ቡጭቅ! ውሃ ውስጥ ጠለቀ።

ጠፋ።

ጠፋ።

ብቅ! እንቁላሉ ጀርባው ላይ ነው! በሁለት እጁ ደግፎታል፤ ቀስ አድርጎ፣ በጣም ቀስ አድርጎ።

«ቀጥ ብለህ ና!» ብለው ጮኹ።

«ቀጥ ማለት አላውቅም!» አለ። ሸርጣን በጎኑ ነው የሚሄደው። በጎን በጎን፣ ዞሮ ዞሮ፣ አሸዋው ላይ ወጣ።

ገብስሜን በጭራዋ ጎትተው አወጧት። ውሃዋ ይንጠፈጠፋል።

እንቁላሉን ነካችው። ቀዝቅዟል። ውስጡ ምንም አይልም።

እሷም ርጥብ ናት፤ በምን ታሙቀው?

«አሸዋዬ ትኩስ ነው» አለ ጋሼ ሸርጣን። «ፀሐይ ስትመታው ውላለች። ጫሩ!»

ጫሩ። ጫር ጫር! ጫር ጫር! ትኩሱን አሸዋ በእንቁላሉ ዙሪያ ከመሩት። ገብስሜ ከላይ ተቀመጠችበት።

ጠበቁ።

አያ ጉሬዛ እሾህ ከጭራው ነቀለ። እትዬ ጃርቲት ሸንኮራ አማራት። ጠበቁ።

ቷ!

«ምንድን ነው?» አለ አያ ጉሬዛ።

«ዝም በል!» አሉት ሦስቱም።

ቷ! ቷ! እንቁላሉ ተሰነጠቀ። ቢጫ ነገር ብቅ አለ። «ጭው! ጭው!»

እልልታው ደመና ክልል ድረስ ተሰማ!

«አሸዋ ላይ ነው የተፈለፈለው፤ የአሸዋ ክልል ልጅ ነው» አለ ጋሼ ሸርጣን።

«ኬላዬን አልፎ አይደል? የጫካ ነው!» አለ አያ ጉሬዛ።

«ሸንኮራዬን የተፋሁለትስ?» አለች እትዬ ጃርቲት።

ገብስሜ ተነሥታ ጋሼ ሸርጣን ፊት ሄደች። አንገቷን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ ሸርጣን፣ እንዴት ዋልክ? ቅድም ቸኩዬ ነው።»

ጋሼ ሸርጣን ኩርፊያው ለቀቀው። «ይመስገን፣ ደህና! አንቺስ እንዴት ዋልሽ? ቤቱ ደህና ነው?»

«ደህና።»

«ደመናው ደህና ነው?»

«ደህና።»

«ልጆችሽስ ደህና ናቸው?»

ገብስሜ ወደ ኋላ ዞራ አየች። ጫጩቱ አያ ጉሬዛ ጭራ ላይ ወጥቶ ይንሸራተታል።

«ደህና ነው» አለች። «ልጄ ደህና ነው።»

ከዚያ በኋላ ሕጉ ትንሽ ተሻሻለ። የቸኮለ ሰው «በኋላ!» ብሎ ያልፋል፤ ሲመለስ ግን ቁጭ ብሎ ሁለት እጥፍ ሰላም ይላል።

ፀሐይ ባሕር ውስጥ ገባች። ተራራው ሩቅ ነውና ሁሉም እዚያው አሸዋው ላይ ተኙ።

ገብስሜ ጫጩቱን በክንፏ ሥር አስገባች። ዓይኗን ጨፈነች።

ከላባዋ መሃል አንድ ትንሽ ጭንቅላት ብቅ አለች። ተራራውን ሽቅብ አየች፤ ከአሸዋ እስከ ሸንኮራ፣ ከሸንኮራ እስከ ጫካ፣ ከጫካ እስከ ደመና።

«እማ!» አለ ጫጩቱ። «እንደገና!»

«ተኛ!» አለችው ገብስሜ።