ኢዳ ላይ ሳለሁ የሞላው ውሃ

ከይመር ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የዓሦቹን ውሃ መቀየር ነበር፣ እሱ በጆግ እየጨለፈ ያቀብለኛል፣ እኔ ጓሮ እደፋለሁ። ይመር ባሌ ነው፣ ሐይቅ ከተማ ባዮሎጂ ያስተምር ነበር፣ ከመስኮት መስታወት ትልቅ ሣጥን አሠርቶ ሳሎናችን ውስጥ አራት ቆሮሶ ዓሦች ያኖር ነበር። መስታወቱ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ እንደ በግ ይግጡታል፣ የቧንቧ ውሃ ግን ስለሚገድላቸው በየሳምንቱ ከሐይቁ መቅዳት ግድ ነው። የዚያን ቀን አንድ ጀሪካን ጎደለና መጣሁ ብሎኝ ወጣ፣ ዳሩ አንሸራትቶት ሰጠመ።

ከዚህ በኋላ የምነግራችሁን ከሌላ ሰው ብሰማው እስቅ ነበር፣ አገሩ ሁሉ ስለ ሐይቁ ጂን ሲያወራ የማላምነው እኔ ነበርኩ፣ አሁንም ጂን ነው አላልኩም።

የባሌ ታላቅ ወንድም ጋሼ ሁሴን የቀበሌ ሰው ነው፣ ከቀብሩ በሳምንቱ መጥቶ ዓሦቹን ጣያቸው አለኝ። ሕዝቡ ለስኳር ካርድ ይዞ ይሰለፋል፣ ያንቺዎቹ መስታወት እየላሱ ይደልባሉ፣ ደሞ ወንድሜን የገደሉት እነሱ ናቸው አለ። እምቢ አልኩ። ልጅ አልሰጠንም፣ ከይመር የቀረኝ ትንፋሽ ያለው ነገር እነሱ ብቻ ነበሩ። ችግሩ፣ ባሏ የሞተባት ሙስሊም እንደምትቀመጠው ኢዳ ላይ ነኝ፣ አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቴ አልወጣም። ጎረቤቴ አስካለ የቧንቧ ውሃ ታመጣልኛለች እንጂ ለእነዚያ ዓሦች ከሐይቁ የሚቀዳ ሰው ጠፋ፣ ሁሉም ፈራ። ውሃው ጎደለ፣ ሸተተ፣ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው አየር መሳብ ጀመሩ።

አንድ ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ በሩን በውስጥ ቀርቅሬ ጓዳ ተቀምጫለሁ፣ ሳሎን ውስጥ ጀሪካን ሲንደቀደቅ ሰማሁ። እመኑኝ፣ ያንን ድምፅ ስንት ዓመት የሰማሁት ነው፣ መጀመሪያ ይንደቀደቃል፣ ሊያልቅ ሲል ጠብ ጠብ ይላል። ወጣሁ። ሰው የለም፣ መቀርቀሪያው እንዳለ ነው፣ ወለሉ ደረቅ ነው፣ ሣጥኑ ግን እስከ አፉ ሞልቷል፣ ቤቱ ሐይቅ ሐይቅ ይሸታል፣ አንዲት የሐይቅ ዳር ደንገል ቅጠል ውሃው ላይ ቀስ እያለች ትዞራለች።

በማግስቱ ጋሼ ሁሴን መጣና አየው።

«ኢዳሽን ጥሰሽ ወጥተሻል» አለኝ።

«አልወጣሁም።»

«ታዲያ ማን ቀዳው? ዓሦቹ ተሰልፈው?»

የባሏ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ ወጣች ተብዬ ስሜ በከተማው ሊዞር ነው። አስካለን ጠራኋት፣ ትናንት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ደጃችን ላይ ምስር ስትለቅም እንደዋለች፣ የገባም የወጣም እንዳላየች በማርያም ማለችለት። እሱ ብሶበት ኮቱን አውልቆ እጅጌውን ሰብስቦ ዓሦቹን ሊያወጣ እጁን ሰደደ። ክንዱ እንደገባ፣ ከውስጥ አንድ እጅ እንደጨበጠው ሁሉ፣ ቀጥ አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። እጁን ቀስ ብሎ አወጣና መዳፉን ለረጅም ጊዜ አየው። ምን ነካህ ስለው ኮቱን አንስቶ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠም፣ መንገድ ላይ ሲያየኝም ይሻገራል።

ኢዳዬን ጨርሻለሁ። ሣጥኑን ስበሪው የሚለኝ ዛሬም አልጠፋም፣ አልሰብርም። በየሐሙሱ ይመር የሰጠመበት ዳር ሄጄ ውሃውን ራሴ እቀዳለሁ። አንዳንድ ቀን ስመለስ ሣጥኑ ሞልቶ ይጠብቀኛል፣ ያን ቀን የያዝኩትን ለጓሮው ቃሪያ አጠጣለሁ፣ በሳምንቱም እሄዳለሁ።