ወራጅ አለ!

ስንዱ መንገድ ዳር ቆማለች። ሚኒባስ ይመጣል። ሚኒባስ ያልፋል።

እናቷ ግን አልመጣችም። እናቷ አያቷ ቤት ናት፤ ትንሽ ወንድም ወልዳላታለች።

«አባዬ፣ እማዬ መቼ ትመጣለች?»

«ቤቱ ሲከደን» አለ አባቷ። አባቷ ብዙ አያወራም።

አዲሱ ቤት ቋሚው ቆሟል። ጣሪያውን የሚሸከሙት ረጃጅም እንጨቶች ግን ገና መሬት ላይ ተኝተዋል። ስማቸው ወራጅ ነው።

ጎረቤቶች ለደቦ መጡ። «ሆ! ሆ! ከፍ! ከፍ!»

ወራጁ ከባድ ነው። ከደረታቸው አላለፈም።

«በጉልበት አልሆነም» አለ አባቷ። «ማንሻ መኪና ይምጣ።»

ግርርር! አንድ መኪና መጣ። ጎማዎቹ ትንንሽ ናቸው። ጭቃው ውስጥ ስምጥ አለ!

«እማዬ ዛሬም አትመጣም?»

«ዛሬም።»

ግርርርርር! ሌላ መኪና መጣ። ይሄኛው ግዙፍ ነው! ደጃፍ ላይ ያለው ማንጎ አላሳልፍ አለው።

«ዛፉን ቁረጠውና ልግባ» አለ ሾፌሩ።

አባቷ ማንጎውን አየ። ከዚያ «አይቆረጥም» አለ። «እናቷ ናት የተከለችው።»

ስንዱ የአባቷን እጅ ያዘች። ለካ አባዬንም እማዬ ናፍቃዋለች!

ስንዱ እጇን ሰበሰበች፤ በማንጎው ሥር ሹልክ አለች። ከዚያ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

«አባዬ፣ እንደዚህ የሚያደርግ መኪና የለም?»

«እም» አለ አባቷ። ጫማውን አደረገና ፍለጋ ሄደ።

ግርርር! ሦስተኛው መኪና መጣ። ጎማው ወፍራም ነው፤ ጭቃው አልያዘውም።

ክንዱን ሰብሰብ አደረገ፤ በማንጎው ሥር ሹልክ! ክንዱን ዘረጋ፤ ወራጁን ብድግ!

ስንዱ ከሩቅ ሆና ጮኸች። «ከፍ! ከፍ! ከፍ!»

ቋሚው ላይ የወጣው አናጢ ከላይ ተጣራ። «ወራጅ! ወራጅ!»

መኪናው ቀጥ አለ። ሾፌሩ ጋሽ መኩሪያ ድሮ ሚኒባስ ይነዳ ነበር።

«ማነው የሚወርደው?» አለ ዞር ብሎ።

«እንጨቱን ነው የምልህ፣ አንተ ሰው! ታክሲ ላይ ነህ እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ። አባቷም ሳቀ። ስንዱ የአባቷን ጥርስ ካየች ስንት ጊዜዋ!

ከፍ! ከፍ! ከፍ! ወራጆቹ ሁሉ ቦታቸውን ያዙ።

ኳ! ኳ! ኳ! ቆርቆሮው ተመታ። ቤቱ ተከደነ።

ስንዱ መንገድ ዳር ቆማለች። ሚኒባስ መጣ።

ከውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ። «ወራጅ አለ!»

ስንዱ ድምፁን አወቀችው። «እማዬ!»

ማታ ዝናብ መጣ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አለ ቆርቆሮው ላይ። ትንሹ ወንድሟ እናቷ ጉያ ውስጥ ተኝቷል።

ስንዱ ጋቢ ውስጥ ሆና ወደ ላይ አየች።

«አባዬ፣ ሌላ ወራጅ አለ?»

«የለም» አለ አባቷ። «ሁላችንም ወርደናል። ተኚ።»