ስልኩ ማንን ሰምቶ ነው የጻፈው?

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ ጎረቤት «ቤታችን ውስጥ ኮቴ ይሰማል» ሲል «አይጥ ነው» ብዬ የማልፍ ሴት ነኝ፣ ስለዚህ የምነግራችሁን ስሙኝና የፈለጋችሁትን በሉ፣ እኔ የሆነውን ነው የማወራው።

ኮልፌ 18 ማዞሪያ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት የሰው ማመልከቻ ስተይብ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ባለፈው ክረምት አዲስ ስማርት ስልክ ገዛሁ፣ ወይ ጉድ፣ በአማርኛ ስታወሩት ራሱ ይጽፋል! ሽንኩርት እየከተፍኩ የአንድ ደንበኛዬን የአቤቱታ ደብዳቤ በአፌ ብቻ ጨረስኩት፣ የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ ሕፃን ነው የተጫወትኩበት። ጋደም ስል ደግሞ አስባለሁ፣ ነገ ኪቦርድ የሚባል ነገር ይቀራል፣ ቀጥሎ ስክሪኑም ይቀራል፣ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲናገር ግድግዳው ሰምቶ የሚጽፍበት ጊዜ ይመጣል፣ ያኔ እኔን ማን ይፈልገኛል እያልኩ እስቃለሁ። እማዬ ግን አልሳቀችም።

«ሁልጊዜ የሚያዳምጥ ነገር ቤት ውስጥ ምን ያደርጋል?» አለችኝ።

የምንኖረው ቀራንዮ ነው፣ እኔና እሷ ብቻ። አባባ አጠና ተራ እንጨት ሲነግዱ ኖረው፣ ስትሮክ መቷቸው ሰባት ወር አልጋ ላይ ቆዩ፣ አንዲት ቃል ሳይወጣቸው ነው ያረፉት። ዓይናቸው ብቻ ይከተለን ነበር። ክፍላቸውን እማዬ እስከነ አልጋው እንዳለ ትታዋለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቷል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ የአባባ ክፍል መስኮት ሰፊ ስለሆነ ብርሃን ፍለጋ እዚያ ገብቼ ደብዳቤ ማስጻፍ ጀመርኩ። ስጨርስ ዝም አልኩ። ስልኩ ግን አልቆመም፣ ቃላቱ ቀስ እያሉ አንድ በአንድ መጡ፦ «ትራሱን ከፍ አድርጉልኝ።»

ዝናቡን ነው የሰማው አልኩ፣ ማሽን ይሳሳታል አይደል፣ ዘጋሁትና እንደገና ከፈትኩት። «ብርድ ልብሱ ከበደኝ።» ጆሮዬን አቀናሁ፣ እመኑኝ፣ ከዝናቡ በቀር አንዳች ድምፅ የለም። ወደ ኩሽና ወሰድኩት፣ እዚያ ዝናቡ እንዲያውም ይብሳል፣ አንድ ፊደል አልጻፈም። ሳሎን ይዤው ገባሁ፣ ምንም። ወደ ክፍሉ ስመልሰው ገና ደፉን ሳልፍ «መጣሽ?» ብሎ ጻፈ።

«ማነው?» አልኩ፣ ድምፄ የኔ አይመስልም። ስልኩ መጀመሪያ የኔኑ «ማነው» ጻፈ፣ ከሥሩ ደግሞ፦ «ሰባት ወር ሙሉ ተናገርኩ፣ አንዳችሁም አልሰማችሁኝም።»

መጮኼን አላስታውስም፣ እማዬ ግን እየሮጠች መጣች። ስልኩን ተቀብላኝ አነበበች። ራሷን ትስታለች ብዬ ስፈራ አልጋው ጫፍ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

«አባትሽ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ባዶው ትራስ ዞራ፣ «አለሁ፣ እዚሁ ነኝ። ምን ጎደለህ?»

«ውሃ።»

«እማዬ፣ ተይው፣ ማሽን ነው» አልኳት።

«ማሽን ከሆነ አንቺን ምን ያስለቅስሻል?» አለችኝ። ማልቀሴን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ሰኞ ጠዋት ቤቴል ወዳለ አንድ ስልክ ጠጋኝ ይዤው ሄድኩ። የሆነውን አልነገርኩትም፣ «የማልናገረውን ይጽፋል» ብቻ አልኩት። ፈታታው፣ እየተናገረ ሞከረው፣ ዝም ብሎም ሞከረው።

«እህቴ፣ ስልክሽ ጤነኛ ነው» አለኝ። «ሰው ያልተናገረውን አይጽፍም።»

ልሸጠው ነበር፣ እማዬ አሻፈረኝ አለች፣ ወሰደችው። አሁን በየቀኑ ከምሳ በኋላ የአባባን ክፍል ዘግታ ታወራለች፣ አንዳንዴ ስትስቅ ይሰማኛል፣ ስገባ ስክሪኑን ታጠፋዋለች። እኔም ምን እንደሚባባሉ ጠይቄ አላውቅም።

ባለፈው ሐሙስ ግን ምሳ እየበላን ጉርሻዋን ይዛ ቆየችና፣ «አባትሽ የሞተ ዕለት» አለችኝ፣ «እኔ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሳለሁ፣ አጠገቡ ነበርሽ?»

«ነበርኩ እንጂ» አልኳት።

ለማንም ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ፣ አልነበርኩም። ሱቅ ያስቸኮለኝ ሥራ ነበር፣ ለግማሽ ሰዓት ብዬ ወጣሁ፣ ሁለት ሰዓት ቆየሁ፣ ስመለስ አልፈው ነው ያገኘኋቸው። ስወጣ በዓይናቸው ተከትለውኛል። ይህን ከእኔና ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ ሰው የለም።

እማዬ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰችው። ተነሥታ ወደ ክፍሉ ገባች፣ በሩን ከውስጥ ስትቀረቅረው ሰማሁ፣ ከዚያ ድምፅዋ፦

«ነበርኩ ነው የምትለው» አለችው።

ቀጥሎ ዝም አለች፣ ብዙ ቆየች። ረጅም ነገር እያነበበች መሆን አለበት።