የኡስታዝ ኑዕማን ጠርሙስ

ወልደ ማርያም ፊቱን አጨማዶ ጠርሙሱን ሲያስቀምጥ ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበለት። መራራ መድኃኒት የዋጠ ሰው ምን እንደሚመስል ከእሱ የተሻለ ያሳየ ተማሪ አልነበረማ። ጉልበቱ ከድቶት ወለሉ ላይ ሲወድቅም ሳቁ ቀጥሎ ነበር፤ የተቋረጠው አረፋ ሲደፍቅ ነው።

ይህ የሆነው በ1997 ዓ.ም. ረመዳን፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ገዳሪፍ ውስጥ ኡስታዝ ኑዕማን ለስደተኞች እንግሊዝኛ በሚያስተምርባት የቆርቆሮ ክፍል ነው። በማግስቱ ጧት ፖሊስ ሻምበል አባይን አስጠራ። አባይ ድሮ ጎንደር የፖሊስ መርማሪ ነበር፤ ተሰዶ ከመጣ ወዲህ ለጣቢያው ያስተረጉማል። ሐበሻ ያለበት ጉዳይ ሲመጣ ግን አስተርጓሚነቱ ለስሙ ብቻ ነው፤ የሚመረምረው እሱ ነው።

ሬሳውን አይቶ መልሶ ሸፈነው። ምንም አልተሰማው። እንዲህ ከሆነ ቆይቷል፤ ዓይኑ ይሠራል፣ እጁ ይሠራል፣ ሌላው ዝም ይላል።

«ገዳይዋን ይዣለሁ» አለው የጣቢያው መኮንን ሙላዚም ሙዳሲር። «ሳብሪን የምትባል ተማሪ ናት፤ ጠርሙሱን የምትሞላው እሷ ነች። መርዙ ለመምህሩ ነበር፣ ምስኪኑ ሰሊጥ አጫጅ ጠጣው። ኸላስ፣ አለቀ።»

«መምህሩን ለምን ትገድለዋለች?»

«እሱን አንተ ጠይቃት።»

የሳብሪን እናት ጣቢያው በር ላይ ቁጭ ብላለች። ቤተሰቡ ወደ አውስትራሊያ እንዲሄድ ተፈቅዶለት፣ በነጋታው ጧት ወደ ካርቱም መሳፈር አለበት። ሳብሪን ካልተፈታች እነሱ ይሄዳሉ፣ እሷ ትቀራለች።

«ጋሽ አባይ፣ አውቶቡሱ ነገ ነው» አለችው። ድምጿ ውስጥ ልመናም ቁጣም አልነበረም።

«አውቃለሁ» ብሏት ሳብሪን ወደታሰረችበት ገባ። «ጠርሙሱን ማን ሞላው?»

«ወትሮ እኔ ነኝ፣ በውኃና በስኳር። ረመዳን ከገባ ወዲህ ግን ወላሂ አልነካሁትም። ባዶውን ሳጥን ውስጥ ነበር።»

«ትምህርቱ እንዴት ነው?»

«ሁለት ወር ሙሉ አንድ ግሥ ነው የምንማረው፣ ‹ቴክ›። ኡስታዝ ‹ይህ ግሥ ብቻውን ቤት የለውም፣ ከማን ጋር እንደዋለ ጠይቁት› ይለናል። ከአውቶቡስ ጋር ከዋለ መሳፈር ነው። ከመድኃኒት ጋር ከዋለ መጠጣት። ‹ኦፍ› ከተከተለው ኮፍያ ማውለቅ፣ ‹አፍተር› ከተከተለው ልጅ አባቱን መምሰል። አይተረጉምልንም፤ እየሠራን ነው የምንማረው።»

«መድኃኒቱን መቼ ተማራችሁ?»

«ረመዳን ሳይገባ። ያኔ ኡስታዝ ራሱ ጠጣና ወልደ ማርያም ‹ለእኔም ያቅምሱኝ› ብሎ አሳቀን።» ስሙን ስትጠራ እንባ ይመጣል ብሎ ጠበቀ፤ አልመጣም።

ኡስታዝ ኑዕማን ቤት ሰዎች «እንኳን አላህ አተረፈዎ» ለማለት ይገባሉ፣ ይወጣሉ። እሱም ወደ ኖርዌይ ሊሄድ አንድ ሳምንት ቀርቶታል፤ ሻንጣው አልጋው ሥር ተዘጋጅቷል።

«ለእኔ የታሰበ ነበር፣ ሻምበል» አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

«ማን ይጠላዎታል?»

«ሰው ባላማ ጥሩ ነበር። ግን ዓሊን ሲስቅብኝ ከክፍሌ አስወጥቼዋለሁ። ሱቁ ውስጥ ምን እንደሚሸጥ ያውቃሉ።»

«ጠርሙሱ ትናንት ለምን ወጣ?»

«ወልደ ማርያም የመድኃኒቱ ትምህርት አምልጦት ነበር። ሰሊጥ አጨዳ ላይ ሆኖ።»

አባይ ራሱን ነቀነቀና አመስግኖ ወጣ።

ዓሊ የእርሻ ዘርና የተባይ መርዝ ይሸጣል። መርማሪው ሲገባ ከወንበሩ አልተነሳም።

«መጣላቱንስ ተጣልተናል» አለ። «መርዙን ግን ራሱ መጥቶ ነው ከእኔ የገዛው፣ ሐሙስ ዕለት። ‹ምስጥ የማስተምርበትን ክፍል ጨረሰብኝ› ብሎ። አላመኑኝም?»

«ማመን ሥራዬ አይደለም።»

የቀረችው ሪሃብ ናት፤ ክፍል ውስጥ ከወልደ ማርያም አጠገብ የምትቀመጠው ልብስ ሰፊ። መርፌዋን ሳታቆም መለሰችለት።

«ይቀልድ ነበር፣ ጋሼ። ያለፈው ሳምንት ዓርብ በጆሮዬ ‹ይህን ኡስታዝ መተማ አውቀዋለሁ፤ ስሙ ግን ኑዕማን አልነበረም። እኔ የኑዕማንን ለቅሶ ደርሻለሁ› አለኝ። ሳቅሁ።»

«ለማን ነገርሽ?»

መርፌዋ ቆመ። «ለኡስታዝ። እሱም ይሳቅ ብዬ።» ጨርቁን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አኖረችና፣ «አልሳቀም» አለች።

በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ቆርቆሮው ክፍል ተሰበሰቡ። ሙላዚሙ ሳብሪንን በካቴና አመጣት። አባይ ኮፍያውን አውልቆ ከባዶው ጠርሙስ ጋር የብረት ጠረጴዛው ላይ አኖረና እንደ ሰለቸው መምህር ጀመረ።

«ሁላችሁም መርዙ ለኡስታዝ ነበር ትላላችሁ። ዛሬ ምን ወር ነው?»

«ረመዳን» አለች ሪሃብ።

«ኡስታዝ በረመዳን ከሰዓት በኋላ ይጠጣል ብሎ የሚጠብቅ እዚህ ማን አለ? ሳብሪን? ዓሊ? ሁላችሁም ጾመኞች ናችሁ። አፉ ነጻ የነበረ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ክርስቲያኑ ወልደ ማርያም። እሱም የዓርብ ጾሙን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈትቷል። መርዙ የተዘጋጀው ለጠጣው ሰው ነው።»

ሙላዚሙ፣ አባይ ያለውን በዓረብኛ እስኪተረጉምለት ጠበቀ፤ ከዚያ ካቴናውን ተመለከተ።

«የትናንቱ ትምህርት ምን ነበር?»

«ኮፍያ ማውለቅና አባትን መምሰል» አለች ሳብሪን። «በመሃል ኡስታዝ ጠርሙሱን አወጣና ‹መድኃኒቱን እንከልስ› አለ።»

«እንግዲህ ያለቀ ትምህርት ትናንት እንደሚነሳ አስቀድሞ የሚያውቅ ከመምህሩ ሌላ የለም። ማን እንደሚጠጣም የሚመርጠው እሱ ነው። ኡስታዝ፣ ለምን ከለሱት?»

«ነግሬዎታለሁ። አምልጦት ነበር።»

«ያን ቀን ‹ለእኔም ያቅምሱኝ› ያለው ማን ነበር?»

ሪሃብና ሳብሪን በአንድነት «ወልደ ማርያም» አሉ።

ኑዕማን ግንባሩን ጠረገ። «ረስቼ ይሆናል።»

«መርዙንስ?»

«አዎ ገዝቻለሁ። ለምስጥ ነው።»

አባይ ግድግዳውን በጣቱ መታ፤ ቆርቆሮው ጮኸ። ጠረጴዛውን መታ፤ ብረቱ ጮኸ። «ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ምስጡ ምኑን ነው የሚበላው?»

ማንም አልሳቀም።

«የሞተ ሰው ስም ወስደው በእሱ ስም ኖርዌይ ሊሄዱ ነበር። ወልደ ማርያም የባለስሙን ለቅሶ የደረሰ ሰው ነው። ሪሃብ ነገረችዎ፤ እርስዎም ቀልድ ነው ብለው መተው ሲችሉ ፈሩ። አንድ ቃል ለስደተኞች ጽሕፈት ቤት ቢናገር ጉዞው ይቀራል።»

ሰውየው አልካደም። መቀመጫውን ስቦ ቁጭ አለ።

«አሥራ አራት ዓመት ጠበቅሁ» አለ። «አንድ ሳምንት ቀርቶኝ መጣ። ይጮሃል ብዬ ነበር፣ አልጮኸም፤ ፊቱን አጨማደደ። እናንተ አጨበጨባችሁ። ዝም ብል ስለሚያስታውቅብኝ እኔም አጨበጨብኩ።»

ሪሃብ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ሙላዚሙ ከሳብሪን እጅ ካቴናውን ፈትቶ ኑዕማንን አሰረበት።

በነጋታው ጧት አባይ አውቶቡስ ተራ ሄደ። ሳብሪን እናቷንና ወንድሞቿን አስገብታ ደረጃው ላይ ቆማለች።

«ጋሽ አባይ፣ እኔም እኮ አጨብጭቤያለሁ። ደግሞ እንባ እንቢ አለኝ። ደረቴ ውስጥ ምንም የለም። ሰው ነኝ ወይ?»

«ነሽ። ይመጣልሻል። መንገድ ላይ ይመጣል፣ ሲመጣ እናትሽ ትከሻ ላይ አልቅሺ፤ ማንም ቢያይ አትፈሪ።»

«እውነት?»

«እውነት ነው። ግቢ አሁን።»

አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፍቶ ሄደ። አባይ ሚስቱን ሾዋክ ከተማ ከቀበረ ስድስት ዓመት ሆኖታል። አንድም ቀን አላለቀሰም።