በየትኛው ሀ?

ሸዋንግዛው የሞተው ኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጠ ነው። ኢንስፔክተር ደበሌ ጂንካ መሃል ወዳለችው የድረ ገጽ ሥራ ቢሮው ሲገባ ሟቹ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሏል፤ የሸሚዙም ቁልፍ ተበጥሷል። ሐኪሙ «ያው አስሙ ነው፣ ትንፋሽ አጥሮት» ብሎ ለመሄድ ቦርሳውን አንስቷል። የደበሌ ዓይን ግን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ቀረ። ሰማያዊው የአስም መርጫ እዚያ ላይ፣ አቧራው መሃል ተቀምጧል።

«ከኪሳቸው ይለዩት ነበር?» ሲል ጠየቀ።

«ሲተኙም አይለዩትም» አለች ጥሩብርሃን። ከሟቹ ጋር አሥራ አምስት ዓመት የሠራች፣ የድረ ገጽ ደንበኞችን የምታስተናግድ ሴት ናት። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። «ኢንስፔክተር፣ ኮልቾ መንደር የሚወርዱ ጎብኚዎች መንገድ ላይ ናቸው። አስጎብኚዎቹ እንዲቀበሏቸው ስማቸውን ላውጣ?»

ፈቀደላት። እሷም ጻፈች፤ ኮምፒውተሩ በአንድ ሙከራ ተከፈተ።

«የይለፍ ቃሉን ከየት አገኘሽው?»

«ዛሬ ረፋድ ላይ በስልክ ነገሩኝ። ‹ኃይለኛ ፀሐይ› ነው፤ ለእናንተም ይጠቅማችኋል።»

ስልኩስ ይሠራል። ኢንተርኔት ግን ከቀደመው ቀን፣ ከሰኞ ጀምሮ ከከተማው ጠፍቷል።

መርጫው ከሟቹ ርቆ መገኘቱ ሲወራ፣ ጂንካ ገዳዩን ለማግኘት መርማሪ አላስፈለጋትም። ጠዋት የቢሮው ቴክኒሻን በእምነት ከአለቃው ጋር ሲጮህ መንገደኛው ሁሉ ሰምቷል። እስኪመሽ ድረስ በእምነት ታሰረ፤ እናቱ አስካል የምግብ ሰሃኗን ታቅፋ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቁጭ አለች። ልጁ በማግስቱ ከሰዓት ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማን እንደሚያስወጣው ደበሌም አያውቅም።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በሶፍትዌር፣ ጋሼ። ከሁለት አንዱን ብቻ ነው መግዛት የምንችለው። እኔ የሰው ድረ ገጽ በምን እንደተሠራ የሚያሳየው ይገዛ አልኩ። የየትኛው ሎጅ ድረ ገጽ እንዳረጀ ካወቅን ሄደን እናድስላችሁ እንላቸዋለን። ጥሩዬ ደግሞ የይለፍ ቃል ማስቀመጫው ይቅደም አለች። የደንበኛው ሁሉ ቁልፍ ያለው በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ ያውም አስም ባለበት ሰው፣ ትላለች።»

«እሳቸውስ?»

«‹ቁልፉ እኔ ነኝ› ነው መልሳቸው። ዛሬ ጠዋት ምን መረጡ ብላቸው ‹መርጫለሁ፣ ታየዋለህ› አሉኝ። ከዚያ በእጃቸው ጋርደው ፊቴ የይለፍ ቃላቸውን ቀየሩ። እንደ ሌባ ሲያዩኝ ጊዜ ጮህኩ።»

«ከዚያ ወዴት ሄድክ?»

«በአልዱባ መንገድ በእግሬ። ብቻዬን።»

«ያየህ ሰው አለ?»

ልጁ በአሉታ ራሱን ነቀነቀ።

ከቢሮው ሥር የጅምላ ሱቅ ያላት መኪያ የቤቱ ባለቤት ናት። ክፍሉን ልቀቁልኝ ማለቷን አልካደችም። «ክፍል ለማስለቀቅ ግን ሰው አይገደልም፣ ኢንስፔክተር። ልጁ እየተነጫነጨ ወረደ። ከዚያ ቆይቶ ነው ጋሽ ሸዋ ክፉኛ ሲያስሉ የሰማሁት።»

«ሌላ ሰው ሲወጣ አየሽ?»

«ሱቁ በሰው ተሞልቶ ነበር። ወላሂ አላየሁም።»

ደበሌ ኮምፒውተሩን ይዞ ጣቢያ ተመለሰና ከፈተው፣ ማለትም ሊከፍት ሞከረ። ሟቹ ማሽኑን በአማርኛ ቃል እንዲቆለፍ አድርጎ ማበጀቱ ኩራቱ ነበር። ደበሌ «ኃይለኛ ፀሐይ» ብሎ ጻፈ፤ አልከፍት አለው። ሀውን ለወጠ፣ ፀውን ለወጠ፤ እምቢ። በመጨረሻ ጥሩብርሃን ዘንድ ደወለ።

«ለመሆኑ በየትኛው ሀ ነው?»

«በሐመሩ ሐ ይጀምሩ» አለች ሳታመነታ። «ፀሐይን ደግሞ በጸሎቱ ጸ፣ አስከትለው ብዙኃኑን ኀ።»

*ሐይለኛ ጸኀይ*። ተከፈተ። ደበሌ ስክሪኑን ትቶ ስልኩን እያየ ቀረ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ ሥሩን ሲያገኘው ግን ደስ አላለውም።

በማግስቱ ጠዋት በእምነትን አስመጥቶ ሁሉንም የሟቹ ቢሮ ውስጥ ሰበሰበ። ኮምፒውተሩን ቦታው ላይ መለሰና ለሦስቱም ቁራጭ ወረቀት አደለ።

«ጥሩብርሃን፣ በስልክ ሲነግሩሽ ፊደሉን እየለዩ ነው?»

«የለም፣ ቃሉን ብቻ።»

«እንግዲህ እኔም ቃሉን ብቻ ልናገር። ሁላችሁም ጻፉ፤ ኃይለኛ ፀሐይ።»

መኪያ «ሀይለኛ ጸሀይ» ብላ ጻፈች። በእምነት «ሃይለኛ ጸሐይ» አለ። የጥሩብርሃን እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ አርፎ ቆመ። አልጻፈችም።

«ትንፋሽ ያጠረው ሰው መድኃኒቱን ቁም ሳጥን ላይ አይሰቅልም» አለ ደበሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስለዚህ አብሯቸው ሰው ነበረ። በእምነት አይደለም፤ እሱ ከሄደ በኋላ ሲያስሉ ተሰምቷል። የይለፍ ቃሉ የተቀየረው እሱ እያለ ነው፣ ያውም ተጋርዶ። ቃሉን የሚያውቀው ሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሽ ሸዋ ፊደል እንደመጣላቸው የሚጽፉ ሰው ነበሩ። እኔ በጆሮዬ ሰምቼ ስንቴ ተሳሳትኩ። አንቺ በአንዴ ከፈትሽው። ይህ ቃል በጆሮ አይገኝም፣ እህቴ። የምታውቂው ጣታቸውን ስላየሽ ነው።»

ጥሩብርሃን እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«መርጫውን ልሰጣቸው ነበር» አለች። «ሳሉ ሲነሳ ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁት። አንዴ ብቻ ይጻፉልኝና እሰጥዎታለሁ አልኳቸው። የኮልቾ አስጎብኚ ልጆች እንጀራ እዚህ ማሽን ውስጥ ነው፤ የስንት ሰው እንጀራ። ቢሞቱብንስ እያልኩ ስንት ዓመት ለመንኳቸው።»

«ጻፉልሽ?»

«ጻፉ። ፊደሉ ግራ የሚያጋባ ሆነብኝ። ደግመው ይጻፉ አልኩ። እኔ ፊደሉን ሳጠና፣ ፊታቸውን አላየሁም።» ወደ ቁም ሳጥኑ አናት አየች። «ቀና ስል አልቋል። ፈራሁ፣ መርጫውንም እዚያ ወረወርኩት። በእምነት ይታሰራል ብዬ ግን አላሰብኩም።»

የፈሩት ይደርሳል። መኪያ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። በእምነት መፈታቱ ገና አልገባውም፤ ያቺ ምሳውን ስታካፍለው የኖረች ሴት እጇን ለካቴና ስትዘረጋ እያየ ነበር።

ኢንተርኔቱ የተመለሰው በዚያ መሃል ነው። ኮምፒውተሩ ከሰኞ ጀምሮ ይዞት የቆየውን ላከ፤ የሁለት ሰው ስልክ ተራ በተራ ጮኸ፤ የጥሩብርሃንና ከጣቢያ የተመለሰለት የበእምነት። ጥሩብርሃን የራሷን አየችና መቀመጫ ፈለገች።

*ሸዋንግዛው የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ ሊያካፍልዎ ጋብዞዎታል።*

«መቼ ነው የጻፉት?» አለች።

ደበሌ ስክሪኑን አየ። ባይነግራት በወደደ ነበር። «ልጁ ከሄደ በኋላ። አንቺ ልትመጪ ስትይ። የመረጡት ያንቺን፣ የይለፍ ቃል ማስቀመጫውን ነው።»

ጥሩብርሃን አላለቀሰችም። ስልኳን ለበእምነት አሳየችው፤ «ላንተም መጥቶልሃል፤ ተቀበለው፣ ለኮልቾዎቹ ክፈትላቸው» አለችው። ከደረጃው ሥር አስካል «ልጄ ተፈታ ወይ?» እያለች ትጠይቃለች። በእምነት በራሱ ስልክ ላይ ተቀብያለሁ የሚለውን ነካ፤ ጥቂት ጠበቀና የመጣውን ለሁሉም አነበበው።

«ጥያቄዎ ደርሷል። ሸዋንግዛው እስኪያጸድቅልዎ ድረስ ይጠብቁ።»