ከቦሌ እስከ ጓንዡ፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ

ይማምን ያወቅሁት በእናቱ ጥያቄ ምክንያት ነው። 2010 ዓ.ም. ነበር፤ የሞጣዋ ልጅ እኔ ሳብሪያ ቢቸና ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ረጅም፣ ዓይነ አፋር ወጣት የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆሞ፣ ቻይና፣ ጓንዡ የትምህርት ዕድል እንዳገኘ፣ እናቱ ግን ርቀቱን በትክክል ካላወቁ እንደማይመርቁት ነገረኝ።

ሉሉን አምጥቼ በክር ለካሁለት። በአየር ወደ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር፣ በረራው አሥር ሰዓት ገደማ። በወረቀት ጽፌ ብሰጠውም አልሄደም።

«እኔ ብነግራት የምሸነግላት ይመስላታል» አለኝ። «አንቺ ንገሪያት።»

ሄድኩ። እናቱ እትዬ ሀኒያ ጎናቸው አስቀምጠው ደጋግመው ጠየቁኝ። ከንጋቱ ሱብሂ ሶላት እስከ ከሰዓት በኋላው አስር ሶላት ያለው ጊዜ መሆኑን ስነግራቸው፣ «እንግዲያው ቅርብ ነው» አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ቪዛው አምስት ወር ዘገየ። ይማም በየማምሻው ከትምህርት ቤት እስከ ተከራየሁበት ቤት ይሸኘኝ ነበር። ብዙ አናወራም። ዝምታው ግን ደስ ይለኝ ስለነበር ረጅሙን መንገድ እመርጥ ነበር።

ከመሄዱ በፊት አባቴ ዘንድ ሞጣ ሽማግሌ ላከ። አባቴ ሙሐመድሸሪፍ የጨርቅ ነጋዴ ነው። ሽማግሌዎቹን በክብር አስተናግዶ፣ መመለሱ ለማይታወቅ ሰው ልጁን እንደማይሰጥ ነግሮ ሸኛቸው።

መናኸሪያው ላይ ይማም «ጠብቂኝ» አላለኝም። እኔም «እጠብቃለሁ» አላልኩም። አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ድረስ በመስኮት አየኝ፤ እኔም አየሁት።

ጠበቅሁት። የኮሮና በሽታ መጥቶ በረራ ሲቆም፣ ትምህርቱ ሲራዘም፣ እኔ ወደ ሞጣ ስዛወር፣ ለትዳር ጠያቂዎች መጥተው ሲመለሱ፣ ጠበቅሁት። በስድስተኛው ዓመት «ቦሌ ገባሁ» የሚል መልእክት ደረሰኝ። በማግስቱ በአገራችን ጦርነት ተነስቶ ስልኩ ተቋረጠ፤ መንገዱም ተዘጋ።

አሥራ አንድ ቀን ወሬው ጠፋ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አንድ አቧራ የለበሰ ሰው እያነከሰ እኔ ወደነበርኩበት የአባቴ ሱቅ መጣ። ድምፁን እስክሰማ ይማም መሆኑን አላወቅሁም። ዓባይን ተሻግሮ፣ ያገኘውን መኪና ይዞ፣ እናቱ ዘንድ አንድ ቀን አድሮ፣ ከቢቸና ሞጣ በየገጠሩ ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዟል።

አባቴ በጉብዝናው ዘመን የጭነት አህያ እየነዳ የተመላለሰበት መንገድ ነው። የይማምን ያበጠ እግር አይቶ ወንበር ሳበለት።

«ምን ፈልገህ መጣህ?»

«ልጅዎን ልጠይቅ።»

«ተመልሰህ አትሄድም?»

«ባይሰጡኝም እዚሁ ነው የምኖር።»

«እኔን ለምን ትለምነኛለህ?» አለው አባቴ። «ስድስት ዓመት የጠበቀችህ እሷ ናት።»

ይማም ወደ እኔ ዞረ። እስኪናገር አልጠበቅሁም፤ «እሺ» አልኩት።

ኒካሁ በዚያው ሳምንት ጥቂት ጎረቤት በተገኘበት ታሰረ። እትዬ ሀኒያ ከሃያ ቀን በኋላ ከአንድ መንገደኛ ሰሙ። መንገዱ ተከፍቶ ሞጣ ሲደርሱ የስድስት ወር እርጉዝ ነበርኩ። በሩ ላይ ቆመው ሆዴን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አቅፈው ትከሻዬ ላይ አለቀሱ።